ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቴአትር መድረክ፤ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የመዝሙር ደራሲ የሆነበት መንገድ

ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ ተነሥቶ በቡሬና በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ከዋናው ጎዳና ተገንጥሎ ወደ ዓባይ በረሃ አቅጣጫ ገባ ቢል ደብረ ኤልያስን ያገኛል። ደብረ ኤልያስ በጎጃም ምድር በቅኔና በዜማ ትምህርት ስማቸው ከሚጠራ ደብሮች አንዱ ነው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በ1887 ዓ.ም. የተወለደው፣ ፊደል የቆጠረውና ቅኔን የቀመሰው በዚህ አገር ነው። ዛሬ ስሙ ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ግጥም የጻፈ መሆኑን ብቻ ነው፤ ይህንንም ቢሆን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ከመዝሙሩ የሚሰፋውን የሰውየውን ሥራ፣ ይኸውም በኢትዮጵያ መድረክ ላይ ዘፈንንና ተውኔትን አንድ አካል ያደረገበትን ጥረት ነው።

ለመድረክ የሚሆን መዝሙር መድረስ የት ይለመዳል የሚለው ጥያቄ በሙያችን ውስጥ በየጊዜው ይነሣል። መልሱ ብዙውን ጊዜ ወደ ባሕር ማዶ ያመለክታል። በእርግጥ በለንደንና በኒው ዮርክ ሙዚቃዊ ቴአትር በሚገባ የተደራጀ ሙያ ሆኗል፤ ታሪኩን የሚጽፈው አንድ ሰው፣ ግጥሙን የሚደርሰው ሌላ፣ ዜማውን የሚያወጣው ሦስተኛ ሲሆን፣ የእያንዳንዳቸውም ስም በማስታወቂያው ወረቀት ላይ ለየብቻው ይታተማል። ዮፍታሔ ይህን ዓይነት ትምህርት ቤት አላየም። ታሪኩንም፣ ግጥሙንም፣ ዜማውንም ራሱ አውጥቶ፣ ራሱ አስጠንቶ፣ ራሱ መድረክ ላይ ያቆም ነበር። ይህን ከየት አመጣው ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ከደብረ ኤልያስ እንደሚጀምር መገንዘብ ያስፈልጋል።

በዚያ ዘመን የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ይዘዋወር ነበር። በዜማ ቤት የግዕዝን፣ የዕዝልንና የአራራይን ስልት ይለያል፤ ድፋትን፣ ሂደትን፣ ቅናትን፣ ይዘትንና ሌሎቹንም ምልክቶች በፊደል ራስ ላይ እያየ ድምፁን ማንሣትና መጣል ይማራል። ይህ ትምህርት አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ዜማው ከቃሉ ተለይቶ አይታሰብም። ምልክቱ የሚቀመጠው በቃሉ ላይ ነው፤ ቃሉ ከሌለ ምልክቱ የሚያርፍበት ስፍራ የለውም። ሙዚቃን ከመሣሪያ የተማረ ሰው ዜማውን አስቀድሞ ሰምቶ ቃሉን በኋላ ሊፈልግለት ይችላል። በዜማ ቤት ያደገ ሰው ግን ቃሉን ገና ሲያነብ ዜማው አብሮት ይሰማዋል።

የቅኔ ቤት ትምህርት ደግሞ ሌላ ነው። ተማሪው ወደ ጫካ ወይም ወደ መቃብር ቤት ጥግ ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ በስምንት ቤት መወድስ እስኪደርስ ድረስ በየዕለቱ አዲስ ሐሳብ፣ አዲስ ሰም፣ አዲስ ወርቅ ማምጣት አለበት። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ የሌላውን ማምጣትማ ከነውርም የከፋ ነው። ቅኔው በማኅሌቱ ቆሞ ይዘረፋል፣ አድማጩ ያደንቃል ወይም ይነቅፋል፣ ከዚያም አልፎ ይሄዳል። በብራና የሚጻፈው ጥቂቱ ነው። ይህን ልማድ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እፈልጋለሁ፤ በዮፍታሔ ሥራዎች ላይ ለደረሰው ዕጣ አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አምናለሁና።

ለቴአትር ከሁሉ የሚቀርበው ግን አቋቋም ነው። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ይቆማሉ። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በዝግታ ይባላል፤ ቀጥሎ መቋሚያው እየዘመመ ይመጣል፤ ከዚያ ጸናጽሉ ይሰማል፤ በመረግዱ ከበሮው ይገባል፤ በመጨረሻም በጽፋቱ እጅና እግር፣ ድምፅና ከበሮ አንድ ላይ ይፋጠናሉ። ያው አንዱ ቃል ከዝግታ ወደ ደስታ እየተሸጋገረ ሲሄድ የቆመው ሕዝብ ትንፋሹ አብሮ ይለወጣል። ይህን ያየ ሰው መድረክ ምን እንደሆነ ከማንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ዮፍታሔ የተጠራበት የቀኝ ጌታነት ማዕረግም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ቀኝ ጌታ ማለት በስተቀኝ ያለውን መዘምራን ወገን የሚመራ ማለት ነውና። የመዘምራን አለቃን ስም ይዞ የቴአትር ሰው መሆን የሚገርም ቢመስልም፣ ሁለቱ ሥራዎች ያን ያህል አይራራቁም።

ዮፍታሔ ወደ አዲስ አበባ በመጣበት ዘመን በከተማይቱ ቴአትር የሚባል ነገር ገና በእግሩ አልቆመም ነበር። በአውሮፓ የተማረው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፋቡላ የተባለውን የአውሬዎች ኮሜዲያ በ1913 ዓ.ም. ገደማ አሳይቶ ነበር። ተረትን ተገን አድርጎ የአስተዳደርን ብልሹነት የሚነቅፍ ስለ ነበረ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ አልተወደደም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ታገደ። ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት መድረኩ ጭር ብሎ ቆየ። ቴአትር እንደገና ሕይወት ያገኘው በ1923 ዓ.ም. ከተፈጸመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል አካባቢ ሲሆን፣ የነቃውም በትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። ዮፍታሔ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ያስተምር ስለ ነበር ተማሪዎቹ ተዋንያኑም ዘማሪዎቹም ሆኑለት። የሴት ገጸ ባሕርይ እንኳ ሳይቀር በወንዶች ልጆች ይሠራ ነበር። በዚሁ ጊዜ መላኩ በጎሰውም ተማሪዎችን ሰብስቦ ተውኔት ያሳይ ስለ ነበር፣ ሁለቱ ስሞች በቴአትር ታሪካችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ይነሣሉ። ከደብረ ኤልያስ ጉባኤ የተማረው ሐዲስ ዓለማየሁም በወጣትነቱ በአዲስ አበባ ተውኔት ሞክሮ ነበር፤ በኋላ ወደ ጎጃም ተመልሶ በዳንግላ በመንግሥት ሥራ ላይ ቆይቷል። ይህን የማነሣው የጎጃም የቅኔ ቤቶች ለአዲሱ መድረክ ያበረከቱት አንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ለማመልከት ነው።

ፋቡላንና የዮፍታሔን ተውኔቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያያል። ተክለ ሐዋርያት የሚተማመነው በንግግር ነው። ዮፍታሔ የሚተማመነው በመዝሙር ነው። ጥቅም ያለበት ጨዋታ፣ ምስክር፣ የሆድ አምላኩ ቅጣት፣ እያዩ ማዘን የተሰኙት ሥራዎቹ ሁሉ ዘፈንንና እንቅስቃሴን ከንግግር ጋር የሚያጣምሩ ናቸው። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። የዚያ ዘመን ተመልካች ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ጸጥ ብሎ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ መስማት የለመደ አልነበረም። የለመደው አዝማሪው ፊት ለፊት ቆሞ ሲያወድሰውና ሲወጋው፣ ጦረኛው ሲፎክር፣ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ፣ ደብተራው ሲያሸበሽብ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ተመልካቹ ይቀበላል፣ ያጨበጭባል፣ ያለቅሳል። ዮፍታሔ ይህን ተመልካች እንደ አላዋቂ ቆጥሮ ሊያርመው አልተነሣም፤ በሚያውቀው መንገድ ገብቶ ወደማያውቀው ስፍራ ሊወስደው ሞከረ።

በዚህ ረገድ የሚሰነዘርበት ነቀፌታም አለ። መዝሙሮቹ ከተውኔቱ ታሪክ ጋር ሁልጊዜ አይጣጣሙም፣ ድርጊቱን ያቆማሉ፣ ተመልካቹ ታሪኩን ረስቶ ዘፈኑን ይዞ ይወጣል ይባላል። ነቀፌታው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ ነው ማለት አይቻልም። ዛሬ በምናውቀው መለኪያ ካየነው፣ ጥሩ የመድረክ መዝሙር ገጸ ባሕርይው መናገር ከማይችልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ የሚመጣ፣ ዘፈኑ ሲያልቅም ታሪኩን ከነበረበት አንድ እርምጃ አስኪዶ የሚገኝ ነው። ከዮፍታሔ መዝሙሮች አንዳንዶቹ ይህን አያደርጉም፤ እንደ ስብከት ቆመው ይመክራሉ። ሆኖም መዝሙሩ ከተውኔቱ ተነጥሎ በሕዝብ አፍ መግባቱ ለደራሲው ሽንፈት ነው ወይስ ድል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሬዲዮ በየቤቱ ባልነበረበት፣ ጋዜጣ አንባቢውም እጅግ ጥቂት በነበረበት ዘመን ከመድረክ ወደ ሠፈር የሚሄደው ቃል በዜማ የታሠረው ቃል ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ሕዝብ መዝሙሩ እንመለስ፤ ለሙያችን ትልቁ ትምህርት ያለው በዚህ ላይ ነውና። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ወላጆቻቸውን ያጡ አርባ የአርመን ልጆች አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች በመባል የታወቁት እነዚህ የነሐስ ሙዚቃ ቡድን ሆኑ፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበረ። የሕዝብ መዝሙሩን ሙዚቃ ያዘጋጀው ናልባንዲያን፣ ግጥሙን የጻፈው ዮፍታሔ ነው። መዝሙሩ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል ተሰማ። እንግዲህ እዚህ ላይ የዜማ ቤቱ ልጅ ከማያውቀው ሥርዐት ጋር ተገናኘ። የነሐስ ቡድን ቃል አይጠብቅም፤ ከበሮው የእርምጃውን ልክ ይመታል፣ መለከቱም በልኩ ይሄዳል። ቃሉ ነው ለሙዚቃው መታዘዝ ያለበት።

ይህ ለአማርኛ ቀላል ነገር አይደለም። በመጀመሪያ፣ በአማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ ትርጉምን ይለውጣል፤ ገና የሚለው ቃል ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ ያልደረሰውን ጊዜ ያመለክታል። ሙዚቃው በላላው ላይ ጠንክሮ ቢመታ አድማጩ ሌላ ቃል ይሰማል። ሁለተኛ፣ በሳድስ የሚያልቅ ቃል ረጅም ድምፅ ሲጫንበት ይሰበራል፤ ዘማሪው ያልተጻፈ አናባቢ ይጨምርበታል። ስለዚህ ሙዚቃው ከሚረዝምበት ስፍራ ላይ በራብዕ ወይም በሳብዕ የሚከፈት ፊደል ማዋል ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ፣ የስንኙ ክብደት ሁሉ ወደ ቤት መድፊያው ይከማቻል፤ የአውሮፓ ሰልፍ ሙዚቃ ደግሞ ክብደቱን መጀመሪያ ላይ ይጥላል። ለባዕድ ዜማ አማርኛ ግጥም የጻፈ ባልደረባ ሁሉ ይህን ትግል በሥራ ያውቀዋል። ዮፍታሔ የጻፈው ቃል በሚሊዮን የሚቆጠሩ የትምህርት ቤት ልጆች ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከአርባ ዓመት በላይ ሲዘምሩት ሳይሰበር መቆየቱ፣ ግጥሙን ሲያወጣ ጆሮው ምን ያህል የሰላ እንደ ነበረ ያሳያል። የመዝሙሩ መልእክት የዘመኑን ንጉሣዊ ሥርዐት የሚያወድስ ነው፤ በዚህ ላይ የተለያየ አስተያየት ሊኖር ይችላል። የሙያው ብቃት ግን ከፖለቲካው ጋር አብሮ የሚወድቅ አይደለም።

በ1927 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ እየተቃረበ ሲመጣ በመኰንን ሀብተ ወልድ አማካይነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን መቀስቀስም የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። ዘፈን ለመዝናኛ ብቻ የሚሆን አለመሆኑን ባለሥልጣኖቹ የተረዱት በዚህ ጊዜ ነው፤ ዮፍታሔ ግን ከዚያ በፊት ያውቀው ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝ ዮፍታሔ ተሰዶ ሱዳን ገባ። ስለ ስደት ዘመኑ በብዙ መናገር አስፈላጊ አይደለም፤ መድረክ የሌለው የመድረክ ሰው፣ የሚያስጠናቸው ልጆች የሌሉት መምህር፣ ቋንቋውን የሚሰማ ተመልካች ያጣ ደራሲ ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስበዋል። በስሙ ከሚጠሩት ተውኔቶች ሁሉ የታወቀው አፋጀሽኝ ከዚህ የወረራና የስደት ዘመን ሐዘን ጋር የተሳሰረ ነው።

ስለ አፋጀሽኝ አንድ ነገር ልበል። ርእሱ ራሱ ቅኔ ነው። አንዲትን ሴት እያነጋገረ የሚወቅስ ይመስላል፤ ሰሙ ይህ ነው። ወርቁ ግን ሀገር ናት። ልጆቿን እርስ በርሳቸው ያፋጀች፣ እነርሱም በእርሷ ምክንያት ያለቁባት ሀገር። ፍቅርና ወቀሳ በአንድ ግሥ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የትኛው እንደሚበልጥ አይነገርም። በቅኔ ቤት መወድስ ለመቁጠር የዋለ የሌሊት ድካም እዚህ ፍሬ ሰጠ ማለት ይቻላል። በየጊዜው ከሚወጡት የተውኔት ርእሶች ብዙዎቹ ታሪኩን አስቀድመው ይናገራሉ። ይህኛው ጥያቄ ጥሎ ይሄዳል።

የነጻነቱ መንገድ በጎጃም በኩል ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ተክለው በበላያ በኩል ወደ መሀል ጎጃም ገፉ። ጣሊያኖች በአርበኞች ተከብበው ዳንግላን የለቀቁት በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ነው፤ በእንጅባራ በኩል የሚያልፈው ጎዳናም ተከፈተ፤ ቡሬና ደብረ ማርቆስ ተከታተሉ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተገባ። በአገው ምድርም ሆነ በቀረው ጎጃም አምስቱን ዓመት ሙሉ ቀረርቶና ፉከራ አልተቋረጠም ነበር። ማን እንደ ደረሳቸው ያልታወቁ፣ ከጫካ ወደ ጫካ በአፍ የተሻገሩ ግጥሞች ናቸው። ዮፍታሔ ለመድረክ የሚመርጠው ዓይነት ቃልም ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ልዩነቱ እርሱ በመጋረጃ ፊት ለፊት ማቆሙ ነው።

ከነጻነት በኋላ ዮፍታሔ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ያገለገለው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። በ1939 ዓ.ም. ሞተ፤ ዕድሜው 52 ዓመት ነበረ። ዘመናዊው ቴአትር ቤት ተሠርቶ አላየም፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የተከፈተው እርሱ ካረፈ ከስምንት ዓመት በላይ ቆይቶ በ1948 ዓ.ም. ነው። በዚያ መድረክ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ሙዚቃን ለተውኔትና ለኦርኬስትራ ሲያዘጋጅ፣ በሀገር ፍቅርም እዮኤል ዮሐንስ እጅግ ብዙ ዘፈኖችንና ተውኔቶችን ሲደርስ፣ ሁለቱም የሚሄዱበትን ጎዳና ከዓመታት በፊት የጠረገው የደብረ ኤልያሱ መምህር ነበረ። በሀገር ፍቅር አንድ ምሽት ውስጥ ዘፈንና አጭር ተውኔት እየተፈራረቁ ይቀርቡ የነበረበትን ልማድ ያስታወሰ ሰው የዮፍታሔን ቅርጽ በቀላሉ ይለየዋል።

በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ፣ በአገው ምድር አውራጃም እንደ ሌላው ሁሉ፣ መዝሙር መድረስ የብዙ ወጣቶች ሥራ ሆኖ ነበር። መዝሙሮቹ የሚታወቁት በቡድኑ ስም ነበረ። ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ዜማው ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ዘማሪው ይጨበጨብለታል፣ ደራሲው ከመጋረጃ በስተኋላ ይቀራል። በአዊና በሌሎችም ቦታዎች በሁለት ቋንቋ መድረስ የሚችሉ፣ በአገውኛ የሰሙትን ዜማ በአማርኛ፣ በአማርኛ የሰሙትንም በአገውኛ ማስኬድ የሚያውቁ ሰዎች ሥራ ስም ሳይያዝለት ያለፈው በዚህ ዓይነት ነው። ጥፋቱ የአንድ ዘመን ብቻ አይደለም። ቅኔ በተዘረፈበት ቀን እንዲያልፍ ያስተማረን ያው ማኅሌት፣ የመድረክ መዝሙርንም በዚያው ዐይን እንድናይ ሳያደርገን አልቀረም።

ዮፍታሔም ከዚህ አላመለጠም። ከሥራዎቹ ብዙዎቹ በሕይወቱ ሳለ በመጽሐፍ መልክ ለአንባቢ አልደረሱም። ለልጆች ለማስጠናት የተጻፈ ወረቀት ከትርኢቱ በኋላ ማንም አላስቀመጠውም፤ ዜማውም በአጥኚውና በተማሪው ጆሮ ውስጥ ነበረ እንጂ በኖታ አልሰፈረም። ስለዚህ ዛሬ አንዳንዱን ተውኔት በስሙ ብቻ እናውቀዋለን፤ አንዳንዱን መዝሙር ደግሞ ከየትኛው ተውኔት እንደ ተነቀለ ሳናውቅ እንሰማዋለን። የሕዝብ መዝሙሩ ራሱ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በሌላ ሲተካ፣ ከእርሱ ጋር የደራሲው ስም የሚነሣበት አንዱ አጋጣሚ ቀረ።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የተነሣው ገጣሚውና መምህሩ ዮሐንስ አድማሱ ነው። በሕይወት የነበሩትን የሚያውቁትን ሰዎች እየጠየቀ፣ የተበታተነውን ወረቀት እየለቀመ የዮፍታሔን ሕይወትና ጽሑፍ ታሪክ አዘጋጀ። ዮሐንስ ሥራውን በመጽሐፍ ሳያየው ሞተ። ጽሑፉ ለረጅም ዓመታት በእጅ ጽሑፍ ቆይቶ በመጨረሻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። ስለ ዮፍታሔ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ዛሬ የሚጀምረው ከዚያ መጽሐፍ ነው። የመዝሙሮቹን ዜማ የሚያስታውሱ፣ በልጅነታቸው የዘመሩ ሰዎች ግን በዚያን ጊዜም ጥቂት ነበሩ።